ጥርሴን አወለቀው

፩

ጥርሴ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የላይኛው ሙሉው፣ ከነላንቃው። ወንድሜ አንድ ጊዜ ያየዋል። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሽሮው ይመልሳል።

ፋሲካ ነው። ፋሲካን በሽሮ የሚፈስክ ሥጋ ሻጭ ከእሱ ሌላ አላውቅም።

፪

ስሜ ወንድይራድ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የእህል መጋዘን ጠብቄ ጡረታ ወጣሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው።

መጻፍ የጀመርሁት ድዴ ተሰፍቶ አትናገር ስለተባልሁ ነው። የወንድሜ ልጅ ቤዛዊት ደብተር ሰጠችኝ። «አባባ፣ የሚፈልጉትን እዚህ ላይ ይጻፉልኝ» አለች። «ውኃ» ብዬ ጻፍሁ። ውኃውን አመጣች። ገጹን ገለበጥሁት። የሚቀጥለውን ገጽ አላሳየኋትም። ድዴ ከዳነም በኋላ ደብተሩን አልመለስሁላትም።

ቁጥር የሰጠሁት ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ስለማይወጣልኝ ነው።

፫

የሚወልቅ ጥርስ በገበታ ላይ እንዴት እንደሚወልቅ

ሰው ሁሉ መብላት እስኪጀምር ጠብቅ።

አውራ ጣትህን ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ አስገባ። ወደ ታች ሳብ። ጧ ይላል። ድምፁን አትደብቅ።

በመሐረብ አትጠቅልለው። ኪስህ ውስጥም አትክተተው።

ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኑረው። ፊቱ ወደ ወንድምህ ይሁን።

«ድዴን ቆረቆረኝ» በል። እውነት ነው፤ ይቆረቁራል።

ሌላ ምንም አትበል።

በዓመት ከሦስት ጊዜ አታሳልፈው። ፋሲካ፣ ገና፣ የአባታችሁ ሙት ዓመት። ከዚያ በላይ ካደረግኸው ይለመዳል።

፬

ወንድሜ ሸዋንግዛው ይባላል። በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሥጋ ቤት አለው። ስሙ በቀይ ቀለም በሩ ላይ ተጽፏል፤ በዚያ ስም የሚጠራው ግን የለም። ከተማው በሙሉ «መነኩሴው ጋ» ነው የሚለው። ሥጋ ስለማይቀምስ ነው።

አንድ ቅዳሜ በር ላይ ተቀምጬ የሰማሁት፦

«መነኩሴው፣ ይሄ ለስላሳ ነው?»

«ለስላሳ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«በቢላዬ።»

«ቢላህ ጥርስ አለው?»

«ከአንተ ይሻላል። ጥርሱን አይፍቅም።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ በር ላይ መቀመጤ ዓይኑ ውስጥ ገባና ሳቁን አቆመ። «ጋሼ፣ መቼ መጡ?» አለ፤ ከራሱ መቀመጫ ላይ አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ።

እንዲህ ነው። እኔ ባለሁበት ሳቁን አይጨርስም።

፭

ሥጋ የማይበላው በመሐላ ነው።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የአባታችን ተዝካር ነበር። በሬው ተጥሏል። ማን ይረድ ተባለ። ታላቅ እኔ ነኝ። ባለሙያው እሱ ነው። ቢላውን ከእጁ ቀማሁት። «የአባቴን ተዝካር በተራ ሥጋ ሻጭ አላሳርድም» አልሁት። በሌላው እጁ ሞረድ* ይዞ ነበር።

መታኝ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ንግግሩ ይኸው ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

ሽማግሌ፦ ምን አደረገህ?

እኔ፦ ጥርሴን አወለቀው።

ሽማግሌ፦ ጥርሱን!

ሌላው ሽማግሌ፦ ኧረ የታላቅ ወንድምን ጥርስ!

አፌን በጋቢ ይዤ ነበር። ጋቢው በደም ርሷል። ሸዋንግዛው ከሁሉም ፊት ተነሣ። «የጋሼ ጥርስ ተመልሶ ካልበቀለ ሥጋ በአፌ አይዙር! ሚካኤል ምስክሬ!» አለ። አንደኛው ሽማግሌ «ተው፣ የጎልማሳ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም» አለው።

«አውቃለሁ» አለ።

ከዚያ ጫማዬን ሳመ። እኔም «ይቅር» አልሁ።

* ሞረድ ቢላ የሚሳልበት ብረት ነው። ሥጋ ሻጭ ከወገቡ አያጣውም።

፮

ቤዛዊት አዲስ አበባ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። አምና ለሙት ዓመቱ መጥታ ጥርሴን ሳህን ላይ አየችው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ቀርቷል። አሁን የሚተከል አለ። አይወልቅም፤ ተኝተው ይነሡበታል፣ ቆሎ ይቆረጥሙበታል።»

እኔ መልስ ሳልሰጥ ወንድሜ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«ምን አልሽ? የሚተከል?»

«አዎ አባዬ። አጥንቱ ውስጥ ብሎን ይገባል፣ ብሎኑን አጥንቱ ይይዘዋል፣ በላዩ ላይ ጥርስ።»

«ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል።»

ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እንደዚያ ሲቸኩል ከጎልማሳነቱ ወዲህ አላየሁትም። በማግሥቱ ጠዋት የንስሐ አባቱ ቤት ሄደ፤ እኔንም አስከትሎኝ።

፯

በመምሬ ላቀው ደጅ የተባለው፦

ወንድሜ፦ መምሬ፣ የተተከለ ጥርስ በቀለ ይባላል?

መምሬ፦ ችግኝስ ምን ይባላል?

ወንድሜ፦ ተተከለ።

መምሬ፦ ሥር ሲይዝስ?

ወንድሜ፦ በቀለ።

መምሬ፦ እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?

ወንድሜ፦ ብረት ነው እኮ መምሬ።

መምሬ፦ ብረቱን አንተ አትበላው! ግን ስማኝ፤ ሳይዝ አንዲት ብልት እንዳትቀምስ። ሲይዝ ወንድምህን ይዘህ ና፣ አይቼ እፈታሃለሁ።

ወንድሜ፦ መምሬ፣ ሥጋ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው «በሙያው ጥርሱን የነቀለ» ይባላል። እኔ ግን የሰው ነቅዬ ቀረሁ።

መምሬ ሳቁ። ሸዋንግዛው አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ይተከሉልኝ» አለ።

ይተከሉልኝ።

ጥርሱ የእኔ ነው፤ ልመናው የእሱ። እሺ አልሁ። እምቢ የምልበት ምክንያት ቢኖረኝም ጮክ ብዬ የምናገረው ዓይነት አልነበረም።

፰

ፎርም

የታካሚ ስም፦ ወንድይራድ
ዕድሜ፦ ሰባ ሁለት
ሥራ፦ ጡረተኛ
የሚወስዱት መድኃኒት፦ የደም ግፊት
ሲጋራ፦ አያጨሱም
ጥርስዎን ያጡበት ምክንያት፦

ቤዛዊት ናት የምትጽፈው። እዚህ ላይ እስክሪብቶዋ አልቆመም። «ምት» ብላ ጻፈች። ሳትጠይቀኝ። ይህን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ አባቷ የእኔን ጥርስ ያረገፈ ሰው ነው።

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ማንበብ እችላለሁ።

፱

ከዶክተር ሩሐማ ጋር፣ በሩ ተዘግቶ፦

ዶክተር፦ አባቴ፣ ፎርሙ ምት ይላል።

እኔ፦ ይላል።

ዶክተር፦ ራጁ ግን እንደዚያ አይልም። ይኸውልዎ፣ አጥንቱ ከግራ እስከ ቀኝ እኩል ነው የወረደው። ምት አንድ ቦታ ነው የሚጎዳው። ይሄ የድድ በሽታ ነው፤ ቀስ እያለ ነው የበላው።

እኔ፦ አንድ ቦታ የለም?

ዶክተር፦ (ጠጋ ብላ) እዚህ ጋ ጎድጎድ ብሏል። የፊተኛው፣ በግራ በኩል። ይሄ የምት ሊሆን ይችላል። ማን መታዎት?

እኔ፦ ወንድሜ።

ዶክተር፦ ኮሪደር ላይ ያሉት? እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት?

እኔ፦ አዎ።

ዶክተር፦ ሁሉንም እኔ ነኝ ብለው ነው እንዴ የሚያስቡት? ቅድም «ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አደራ» አሉኝ እኮ።

እኔ፦ ስንት ብሎን ነው የሚገባው?

ዶክተር፦ (ቆይታ) ስድስት።

እኔ፦ ለእሱ ይነግሩታል?

ዶክተር፦ እኔ የታካሚ ነገር አላወጣም። እሱ የእርስዎ ነው።

ፎርሙ ላይ «ምት» የሚለውን ሰረዘችው። በላዩ «የድድ በሽታ» ብላ ጻፈች። ጽሕፈቷ ትንሽ ነው።

፲

አንድ።

፲፩

አንባቢ፣ አሁን ገባህ። ግን አልዋሸሁም። ቃሉን መልሰህ እየው።

ጥርስ አንድም ሲሆን ጥርስ ነው፤ ሠላሳ ሁለትም ሲሆን ጥርስ ነው። «ጥርሱ ነጭ ነው» ስንል አንዱን ማለታችን አይደለም። «ጥርሴን አመመኝ» ስንል ሁሉንም ማለታችን አይደለም። እኔ «ጥርሴን አወለቀው» አልሁ። አወለቀው። አንዱን። ሽማግሌዎቹ ደሙን አይተው የፈለጉትን ሰሙ። ስንት ነው ያለ አልነበረም።

ቋንቋው ነው የሸፈነኝ።

ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖርሁ። አሁን ስጽፈው ደካማ ይመስላል። በቃል ሲሆን ይሻል ነበር።

፲፪

የቀሩት እንዴት ሄዱ

ከምቱ በኋላ በወሩ ሸዋ ሮቢት መጋዘን ተዛወርሁ። በአምስተኛው ዓመት እዚያ ድዴ ይደማ ጀመር። ጠዋት ምራቄ ቀይ ነው።

አንዱ የመንጋጋ ጥርሴ ተነቃነቀ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነቀለው።

ቀጥሎ ያለውን ነቀለው።

ሁለቱን በራሴ ጣት አወጣሁ።

ድሬሰሩ «ሁሉም ይሄዳሉ፤ ለምን በአንድ ቀን አንገላገልም?» አለኝ። በአንድ ቀን አልሆነም፤ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ላይኛው ድዴ ባዶ ነበር፤ ሰው ሠራሹን አስገብቼበታለሁ። የመጀመሪያው ፋሲካ ላይ እውነትም ቆርቁሮኝ አወለቅሁት። ጎረቤት ሁሉ ጮኸ። «ይሄን ሁሉ! ያ ምት ነው አይደል?» አሉ።

አዎ አላልሁም። አይደለምም አላልሁም።

ሸዋንግዛው ተነሥቶ ወጣ። አጥሩ ጋ ቆሞ አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶ። ጥፋቱ ከበደው አልሁ በልቤ። ደስ አለኝ ማለት አልፈልግም። ቀጥሎ በመጣው ገና ግን ጥርሴ አልቆረቆረኝም ነበር፤ አወለቅሁት።

፲፫

ብሎኖቹ መስከረም ላይ ገቡ። አፌ ደንዝዞ ስለነበር ሕመሙን አላወቅሁትም፤ ድምፁን ግን ሰማሁት። እንጨት ሲበሳ የሚሰማው ዓይነት ነው። እንጨቱ እኔ ነበርሁ።

ስወጣ ሸዋንግዛው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቤዛዊት «አባዬ፣ አንተን አይደለም እኮ ጹም ያሉት» ትለዋለች።

«የፊተኛውስ ገባ?» አለኝ። «በግራ በኩል ያለው?»

መናገር ስለማልችል ራሴን ነቀነቅሁ።

፲፬

አምስት ወር ጥበቃ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ይደውላል፦

«ጋሼ፣ ያዘ?»

«አልያዘም።»

«ጋሼ፣ ያዘ?»

«ገና ነው አለች።»

«ጋሼ፣ ያዘ?»

«ሸዋንግዛው፣ ችግኝ በየቀኑ ነቅለው አያዩትም።»

«እሺ ጋሼ። አይቆጡ።»

በእነዚህ አምስት ወራት ሌላ ጥርስ ስላልነበረኝ አሮጌውን አስተካክለው ሰጡኝ፤ እየወለቀ የሚገባውን። የገና ዕለት ገበታ ቀረበ። አውራ ጣቴ ራሷ ወደ አፌ ሄደች። መለስኋት። ወንድሜ የጣቴን መሄድም መመለስም አየ።

ሽሮውን በላ።

፲፭

የካቲት ውስጥ ያዘ።

ዶክተር ሩሐማ በትንሽ ብረት መታ መታ አድርጋ አዳመጠች። «አጥንትዎ ጥሩ ነው፤ ጨብጦታል» አለች። ከሳምንት በኋላ አዲሱን ጥርስ በብሎኖቹ ላይ አሠረችው። መስተዋት ሰጠችኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ጥርሱን አሳየኝ።

«ፈገግ ይበሉ እስቲ» አለች።

«ብያለሁ» አልኋት።

በአውራ ጣቴ ከጀርባው ገፋሁት። አይንቀሳቀስም። ደግሜ ገፋሁት። ከእንግዲህ ሳህን ላይ የማስቀምጠው ነገር የለኝም። የመሣሪያ ፈቃዱን እንደመለሰ ዘበኛ ሆኜ ወጣሁ።

መምሬ ላቀው አፌን አስከፍተው አዩ። በጣታቸውም ነቀነቁ። «በቅሏል» አሉ። መሐላውን ፈቱለት። «ቅበላ ነው፣ ሁዳዴ ሳይገባ ቶሎ በል» አሉት።

፲፮

እዚህ ላይ ሁለት ቀን መጻፍ አቁሜ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብነግረው የሠላሳ አንድ ዓመት ጾሙ ለአንድ ጥርስ ነበር፤ የቀረውን ያለ ዕዳው አሸክሜዋለሁ። ይህን ሰምቶ ወንድሜ ሆኖ ይቀጥላል ወይ? አላውቅም። ባልነግረው ደግሞ የመጀመሪያዋ ጉርሻው በእኔ ዝምታ ተጠቅልላ ትገባለች። እኔ ብሞትም አይሰማም፤ ዶክተሯ አትናገርም። ሌላ ምስክር የለም።

እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

፲፯

የቅበላ እሑድ፣ በቤቱ፣ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ። እሱና እኔ ብቻ። ቤዛዊትን «ነገ ነይ» ብሏታል። ሰው ሲያየው መብላት አፍሮ ነው።

ዳቢት ቆርጦ አቀረበ። አዋዜውን በእጁ አሽቶታል። ቢላው ስል ነው።

«ጋሼ ይጀምሩ።»

ቆረጥሁ። በአዲሱ ጥርስ ነከስሁ። ያዘልኝ፤ ተበጠሰ። አላመጥሁ፣ ዋጥሁ። እስክውጥ ድረስ አፌን ነበር የሚያየው።

«እንዴት ነው?»

«ለስላሳ ነው።»

«አላልሁም!» አለ። ሳቀ። ይህን ሳቅ ጨረሰው።

ከዚያ ለራሱ ቆረጠ። ትንሽ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። አዋዜ አስነካት። በእጁ ይዞ አገላበጣት። በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት በሬ የበለተ እጅ ነው።

«ልጉረስ ጋሼ?»

«ቆይ» አልሁት።

ቆየ።

፲፰

ከዚህ በኋላ ያለውን እንደተባለ ብቻ እጽፋለሁ። ምንም አልጨምርም።

«ሸዋንግዛው፣ ያን ቀን ያወለቅኸው አንድ ነው።»

ሥጋዋን እንደያዘ ዓይኑን ወደ አፌ አነሣ።

«የቀሩት በበሽታ ሄዱ። ሸዋ ሮቢት። አንተ አልነካሃቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«ዶክተሯ ነገረችህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ጥርሱን ከመሬት ያነሣሁት እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎ አፍዎን ይዘው ሲሄዱ ከደሙ መሀል ፈልጌ አነሣሁት። ሌላም ካለ ብዬ ሣሩን በእጄ ዳበስሁት። ሌላ አልነበረም።»

«ከዚያው ቀን ጀምረህ ታውቃለህ?»

«ከዚያው ቀን።»

«ሳህን ላይ ሳስቀምጠው…»

«አያለሁ።»

«ሰው ሁሉ ሲልህ…»

«እሰማለሁ።»

ሥጋዋ በጣቱ ላይ እንዳለች ናት። አዋዜው ወደ አንጓው ወረደ።

ሃያ ስምንት ዓመት በር ስጠብቅ የገባውንም የወጣውንም አይቻለሁ። አጥሩ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው ምን እንደሚያስብ ግን አላየሁም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?» አልሁት። «እኔስ ክፉ ሆኜ ነው። አንተ ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ቆርጦህ?»

ሥጋዋን ሳህኑ ላይ መለሳት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ» አለኝ።

ከምቱ በፊት እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ሆኜ ቀርቻለሁ።

«አንተ፣ እኔ ዝም ያልሁት

 

 

 

፲፱

ነገረኝ። የነገረኝን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው።

በላ።